የመሪጌታ የጽጌ ተራና የእኔ ብልቃጥ

ከወረታ ተመለስኩ ስል ጉለሌ ያሉ ጎረቤቶቼ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ታዲያ ፋሲልን አየሽው?» አላየሁትም። ጎንደርም አልገባሁም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ እንቅልፉን እየለጠጠ በሚያልፋት ከተማ ወርጄ፣ እዚያው ሰንብቼ መጣሁ። ለሽርሽር የሄድኩ የመሰላቸው አዘኑልኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። እንዴት እንደሆነ ከመነሻው ልንገራችሁ፤ መቼም ማናችሁም ፎገራ ድረስ አትሄዱም።

ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ነው። ዶክተር ይሉኛል፣ የሰው ሐኪም ግን አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በመንገድ ላይ ስንት ሰው ጉልበቱን ገልጦ እንዳሳየኝ ስለማውቅ ነው። የማጠናው ካላዛር የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ጥገኛ ነው። በዐይን አይታይም። አንዲት ደቃቃ ዝንብ ስትነክስ ሰው ውስጥ ይገባል፣ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ደም ይጨርሳል፣ ካልታከሙት ይገድላል። ይህ ጥገኛ ከሰውነታችን የሚሰርቀውን አንድ አሚኖ አሲድ ለራሱ የሚያዘጋጅበት ኢንዛይም አለው፤ የእኔ እንጀራም ጭንቀትም ያ ኢንዛይም ነው። እሱን ለማጥናት ግን ጥገኛው በሕይወት መኖር አለበት። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ቀልቤን ሰጥቼ ያሳደግኳቸው ነበሩኝ። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ዘመን ነበርና አንድ ሰንበት ላይ መብራቱም ሄደ፣ ጀነሬተሩም ነዳጅ ጨረሰ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ሁሉም አልቀዋል። አለቀስኩ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ አልቅሻለሁ።

የጥናቱ ጊዜ ሊያልቅ እያለ ዘይነባ ደወለችልኝ። ዘይነባ ወረታ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የደሴ ልጅ፣ አዲስ አበባ ለሥልጠና መጥታ በዚያው የተዋወቅን። «አንድ መሪጌታ አሉ» አለችኝ። «ምልክቱም የጣት ደማቸውም ካላዛር ነው ይላል፤ መርፌ ገና አልጀመሩም። ሌሎቹ በሽተኞቻችን ሁሉ መርፌ ላይ ናቸው። ከፈለግሽ ድረሺ።» መርፌው ከተጀመረ ጥገኛው መሞት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ለእኔ አይሆንም። ስለዚህ ጉዳዬ አጭር ነበር። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ደርሼ፣ ለምርመራ ከመሪጌታው ጣፊያ ከሚወጣው ላይ አንድ ጠብታ ተቀብዬ፣ ከነሕይወቱ አዲስ አበባ ማግባት። አለበለዚያ የዓመታት ሥራዬ እዚያው ላይ ይቆማል።

ሐሙስ

ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሰጥቼ የብልቃጦቹን ሣጥን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። በብልቃጦቹ ውስጥ ገና ያለው የጥገኛው ምግብ ብቻ ነው፤ ከጥንቸል ደም የተሠራ፣ እንደ ጄሊ የረጋ ነገር። ጥገኛው ሰው ይግደል እንጂ ራሱ ቅምጥል ነው። ሙቀት ሲበዛ ይሞታል፣ ብርድ ሲነካውም ይሞታል።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ባዶ ጀሪካን ታቅፈዋል። ወገባቸውን ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊታጠቡ፣ ሲመለሱም ቀድተው ሊያመጡ ነው።

«አንቺስ ምን ይዘሻል?» አሉኝ ሣጥኔን እያዩ።

«ደም» አልኩ ሳላስብ።

ጀሪካናቸውን ወደ መስኮቱ ሳብ አደረጉ። እስከ ጎሃ ጽዮን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አባይ በረሃ ስንገባ ግን አውቶቡሱ እንደ ምድጃ ጋለ፤ ሾፌሩ ብርድ ይገባል ብለው የሚጮሁ ሰዎችን ፈርቶ መስኮት አላስከፍት አለ። መቼም ከአዲስ አበባ ተነስቶ ንፋስ የማይፈራ ሰው የለም። እኔ ነጠላዬን በውኃ አርሼ ሣጥኑን ጠቀለልኩት። ውኃዬ አለቀ። ሴትዮዋ ሲያዩኝ ቆዩና የመጠጥ ውኃቸውን አቀበሉኝ።

«የታመመ ሰው አለሽ?»

«አዎ፣ ለታመመ ሰው ነው።»

«ዛዲያ መጀመሪያ እንዲያ አትይም ነበር?»

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ አልጋ ሁሉ ተይዟል። በመጨረሻ በተገኘችው አንዲት አልጋ ከሴትዮዋ ጋር ተጋራን፤ ግድግዳውን ለእኔ ለቀቁልኝ፣ ሣጥኑንም በመሃላችን እንደ ሕፃን አስተኛነው። ያንኮራፋሉ። የጉለሌ ውሾች ሲጮሁ ማደር የለመድኩ ሰው ነኝና ብዙም አልከፋኝም።

ዓርብ

ባሕር ዳር ለምሳ ቆምን። የተጠበሰ ዓሣ እየሸተተኝ ሽሮ በላሁ፤ ሴትዮዋ ጎኔ ተቀምጠው ዓርብ ዓሣ ማዘዝ ወኔ ይጠይቃል። ከአባይ ድልድይ ወዲያ ሐሙሲት ላይ ወረዱ፣ ከዚያ ወደ ወንዛዬ ይታጠፋሉ። ሸንኮራ ሻጮቹ መስኮቱን ወርረውት ስለነበር በመሃላቸው አንገታቸውን አስግገው «ለበሽተኛሽ ማርያም ትድረስለት» አሉኝ። በሽተኛዬን በመልክም አላውቀው። አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ምድሩ ተዘረጋ። እኔ ያደግኩበት አገር መሬት ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዳገት አለው። ፎገራ ግን ዐይን እስኪደክም ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ግማሹ የደረሰ ሩዝ፣ ግማሹ ክረምት የተኛበት ውኃ ገና ያልለቀቀው ረግረግ። እነዚያ የታወቁት የፎገራ ከብቶች ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። ሩዝ ሱቅ ውስጥ በከረጢት እንጂ ማሳ ላይ አይቼው ስለማላውቅ ስንዴ መስሎኝ ነበር። ጮክ ብዬ «ምን ያማረ ስንዴ ነው» ስል ከኋላዬ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ከዚያ እስከ ወረታ ድረስ እየተቀባበሉ ስለ ሩዝ አስተማሩኝ።

ዘይነባ መናኸሪያው ላይ ጋሪ ይዛ ጠበቀችኝ። ሆቴል ልግባ ብላት ተቆጣች። «የእኔ ቤት እያለ? አብሽሪ፣ አጎበርም አለኝ» አለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውን ለእኔ ሰጥታ ራሷ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፈች። ራት በሩዝና በጤፍ የተደባለቀ እንጀራ አቀረበችልኝ። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቃልና ዛሬውኑ ብዪ እያለች ሁለት ሰው የሚበላውን አስበላችኝ። ሣጥኔን የት እንደምታስቀምጥ ስትጠይቀኝ የአባይ በረሃውን ነገር አጫወትኳት። «ብቻ ሙቀት አይንካው» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ዋናውን ወሬ ነገረችኝ። መሪጌታ ስመኘው ዛሬ መምጣት ነበረባቸው፤ ቀሩ። ከጣፊያ ናሙና መውሰድ የሚችለው ሐኪም ከጎንደር የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አሁን ከተማ አለ፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል። «አፍንጫቸው መድማት ጀምሯል» አለች ዘይነባ። «የሚቀጥለውን ከጠበቁ የሚደርሱ አይመስለኝም።» እኔ ስለ ብልቃጤ ብቻ ሳስብ ነበር የመጣሁት። እሷ ይህን ስትል ግን «ነገ ጠዋት ቤታቸው እንሂድ» አልኳት።

ቅዳሜ

መሪጌታ የሚኖሩት ከከተማው ወዲያ፣ ርብ ወንዝ አቅጣጫ ባለች የማርያም ደብር አጠገብ ነው። ጋሪው እስከሚችለው ወሰደንና የቀረውን በእግር ሄድን። ዋልካው ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ውስጡ ግን እንደ ቅቤ ነው። ዘይነባ የረገጠችበትን እየረገጥሽ ነይ ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ ሩዝ አጫጆቹን እያየሁ ነበር። አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። እግሬ ሲወጣ ጫማዬ እዚያው ቀረ። አጫጆቹ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ፣ አንዱ ክንዱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ከትቶ ሲፈልግ ቆየና ጫማዬን አወጣልኝ። አንዲት እናት ደግሞ ውኃ ይዘው መጥተው፣ ተዉ ብላቸውም አልሰማ ብለው፣ እግሬን አጠቡኝ። አዲስ አበባ ጭቃ ውስጥ ብወድቅ ታክሲ ነበር ጨምሮ የሚረጨኝ።

መሪጌታ ደጃቸው ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። ረጅም ሰው ናቸው፤ እጅና እግራቸው እንጨት ሆኗል፣ ሆዳቸው ብቻ በግራ በኩል ተገፍቷል። ከወር በላይ የወባ መድኃኒት ሲወስዱ ከርመዋል፣ ወንዛዬም ሄደው ታጥበዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉዓዳም በርጩማ አቀረቡልን። ለመዘምራኑ የሚሆን ጠላ በየጋኑ ተጠምቆ፣ ጓዳው ውስጥ ሴቶች ምስር ሲለቅሙ ይሰማል።

«ዘይነባ ልጄ፣ አልመጣም አላልኩም» አሉ መሪጌታ እሷ ገና አፏን ሳትከፍት። «ጽጌ ይውጣና እመጣለሁ።»

«ጽጌ እስኪወጣ እርስዎ አይቆዩም» አለች።

«ነገ ተራዬ ነው።»

ነገሩን ለእኔ ያስረዱኝ ወይዘሮ ሙሉዓዳም ናቸው። በዘመነ ጽጌ መዘምራኑ እሑድ እሑድ ሌሊቱን ሲዘምሩ አድረው ሲወጡ፣ ተረኛው ያበላቸዋል፣ ያጠጣቸዋል። ባለፈው እሑድ የተራው ምልክት የሆነው ጽዋ በዝማሬ ተሸኝቶ መሪጌታ ቤት ገብቷል። ጽዋው ቤቱ የገባ ሰው ተራውን ካላበላ በደብሩ የተሰማ ነገር አይደለም፤ ለዚያውም ሌላውን ሁሉ ያስተማረው መሪጌታ። ለሌላ ሰው ማስተላለፍም የለም። እኔ ጉለሌ ውስጥ የዕቁብ ዕጣ ስንለዋወጥ ስለኖርኩ «ለምን አትቀያየሩም?» ብዬ ነበር።

«ይችስ ምን ልትወስድ መጣች?» አሉ መሪጌታ በእኔ ላይ ዐይናቸውን አሳርፈው።

«ከበሽታዎ ጥቂት እንዲሰጡኝ ነው፣ መሪጌታ።»

«ጥቂት? ሁሉንም ውሰጂልኝ እንጂ።»

ሲስቁ ሳል ያዛቸው፣ ከዚያ አፍንጫቸው ደማ። ወይዘሮ ሙሉዓዳም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸውና ምንም እንዳልተፈጠረ ቀና ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው ላኩ። የመጡት ግራጌታ ውበቱ ነበሩ፤ ከመሪጌታ ቀጥሎ መዘምራኑን የሚመሩ፣ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሽማግሌ። ወይዘሮ ሙሉዓዳም ለባላቸው ሳይሆን ለእሳቸው ተናገሩ።

«ግራጌታ፣ ተራው የሚበላው የት ነው?»

«ተረኛው ካለበት ነዋ።»

«ተረኛው ነገ ወረታ ቢሆንስ?»

ግራጌታ አሰቡ። መሪጌታ «አንቺ ሴትዮ» ብለው ሊነሱ ሞከሩ፣ አልቻሉም።

«ተረኛው ወረታ ከሆነ እኛ ወረታ እንበላለን» አሉ ግራጌታ በመጨረሻ። «ማኅሌቱን እኔ እመራለሁ። ቅዳሴው እንዳለቀ መሶቡም ጋኑም ይጫናል። መሪጌታ፣ አሁን ምክንያት አለዎት?»

መሪጌታ ዘይነባን አዩ፣ ምሽታቸውን አዩ፣ ሰማዩንም አዩ። «ማኅሌቱን ግን ሰምቼ ነው የምሄድ» አሉ። ያንን ማንም አልከለከላቸውም። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ጫማዬን ሳላስር ተነሳሁና እንደገና ልወድቅ ነበር።

እሑድ

ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ዘበኛው ነው መጀመሪያ ያያቸው። መሪጌታ በቃሬዛ ከፊት፤ ከኋላቸው መዘምራኑ ሌሊቱን ለብሰውት ያደሩትን ነጭ እንደለበሱ፤ ከዚያ ሴቶቹ መሶብ ተሸክመው፤ ከሁሉም ኋላ ጠላ የጫኑ አህዮች። ዘበኛው «አስታማሚ ከአንድ ሰው በላይ አይገባም» አለ። ግራጌታ «ሁላችንም አንድ ነን» አሉት። ዘይነባ ወጥታ ለአህዮቹ ብቻ ክልክል መሆኑን ፈረደች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። የጣፊያ ናሙና ቀልድ አይደለም፤ መርፌው በሆድ በኩል ሲገባ በሽተኛው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ካልያዘ፣ ከተንቀሳቀሰም ውስጥ ሊደማ ይችላል። ሌላው ሰው የትንፋሽ አያያዙ የሚገባው በሦስተኛው ልምምድ ነው። መሪጌታ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስረዝሙ የኖሩ ናቸው፤ ያዙ ሲባሉ ያዙ። መርፌው ገብቶ ወጥቶ፣ እኔ ጠብታዬን በብልቃጦቼ ተቀብዬ፣ ሐኪሙም መስታወት ላይ ቀብቶ ሲጨርስ መሪጌታ ገና አልተነፈሱም። «ይተንፍሱ እንጂ» አላቸው ሐኪሙ። «አላዘዝከኝም» አሉት።

በማይክሮስኮፑ መጀመሪያ ሐኪሙ አየ፣ ከዚያ እኔን ጠራኝ። እነዚያ ክብ ክብ ነገሮች ሴሎቹን ሞልተዋቸዋል። ካላዛር መሆኑ ቁርጥ ሆነ፤ መርፌው ነገ ጠዋት እንዲጀመር ታዘዘ። ሰው ውስጥ ሞልቶ የፈሰሰ በሽታ እያየሁ መደሰቴ ደስ አይልም፣ ግን ተደሰትኩ።

መሪጌታ እስከ ማታ ሳይነቃነቁ መተኛት ነበረባቸው። አልጋቸው በሩ ፊት ለፊት ተደረገና መዘምራኑ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ተቀምጠው በሉ። ወይዘሮ ሙሉዓዳም ሲያስተናግዱ፣ መሪጌታ ተኝተው «ግራጌታ፣ ለዚያ ለዳር ላለው ወጥ አልደረሰውም» ይላሉ። ሌሎቹም በሽተኞችና አስታማሚዎች ተቀላቀሉ፤ ዘበኛውም። ዘይነባ የምስሩን ወጥ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ሐኪሙ ወደ ማደሪያው ሊሄድ ብሎ አስቀርተውት አመሸ። ሲጨርሱ መዘምራኑ በሽተኛ እንዳይረብሹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጥቂት ዘመሩ፣ መሪጌታም በከንፈራቸው ብቻ ይከተላሉ። እኔ ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የማውቀው ግቢ «ዝምታ» የሚል ጽሑፍና የተናደደ ሰው ነው። እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሆዴ ሞልቶ፣ ብልቃጤም ሞልቶ፣ ምንም የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

ሰው ሲቀንስ መሪጌታ ጠሩኝ። «እስቲ አሁን ንገሪኝ። ያ የወሰድሽው ምን ይሆንልሻል?»

አሰብኩና እንዲህ አልኳቸው። ሰውነታችን ውስጥ ሌባ ሲገባ የሚውጥ ዘብ አለ። ይህ በሽታ ግን የሚኖረው እዚያው ዘቡ ሆድ ውስጥ ነው። ዘቡ ከአንድ እህል መርዝ ጠምቆ ሌባውን ሊገድል ይችላል፤ እህሉ አርጊኒን ይባላል። ሌባው ደግሞ ማጭድ አለው። ዘቡ መርዙን ሳይጠምቅ በፊት ያንኑ እህል አጭዶ ለራሱ ምግብ ያደርገዋል፣ ይበዛል። «እኔ የምፈልገው ማጭዱን ነው» አልኳቸው። «የሰውም ጉበት ተመሳሳይ ማጭድ አለው። የሁለቱን ልዩነት ካወቅን የሰውን ሳይነካ የሌባውን ብቻ የሚያዶለዱም መድኃኒት ሊገኝ ይችላል። አሁን ያለው መርፌ ጠንካራ ነው፣ ያማል፣ ወር ያህል በየቀኑ ነው።»

መሪጌታ ሆዳቸውን ዳሰሱ። «በእኔው ቤት፣ በእኔው እህል» አሉ። «እንደው ሲደፍር።» ከዚያ ወደ ምሽታቸው ዞረው «ሰማሽ? ለዚህ ነው የበላሁት የማይታይብኝ» አሏቸው።

ሰኞ

ከእንቅልፌ ስነሳ ሣጥኔ ካስቀመጥኩበት መደርደሪያ የለም። ዘይነባ ሻይ እያፈላች ነው።

«አብሽሪ፣ አስቀምጬልሻለሁ» አለችኝ ፊቷ ፈክቶ። «ማታ ቤቱ ሲወብቅ ሙቀት አይንካው ያልሽው ትዝ አለኝ። ጤና ጣቢያ ወስጄ ክትባት ሣጥን ውስጥ፣ በረዶው መሃል አስገባሁት።»

እሷ ይህን ስታደርግ ከሥራዋ ሁሉ የከበረውን ነገር ለእኔ ማድረጓ ነው። ክትባት ይዛ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሯ ስትሄድ የኖረች ነርስ ናት። ለእሷ በዓለም ላይ ያለ ብልቃጥ ሁሉ በረዶ ይወዳል፤ በረዶ የቀለጠበት ሰው ሕፃናት ላይ እንደፈረደ ነው። ሮጥኩ። ብልቃጦቹ በበረዶው ጥፍጥፍ ላይ ተጣብቀዋል፣ ውስጣቸው ድንጋይ ሆኗል። አንዱን በመዳፌ ይዤ እስኪቀልጥ ጠበቅሁና ማይክሮስኮፕ ሥር አየሁት። የተፈረካከሰ ነገር እንጂ ሕይወት የሚመስል የለም።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ተናድጄም ነበር፤ በዘይነባ፣ በፈረቃው፣ በአባይ በረሃ፣ በሁሉም። ስመለስ ዘይነባ የክትባቱን ሣጥን ክዳን እንደያዘች ቆማለች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና የወጣው «ሻይሽ ይቀዘቅዛል» የሚል ነው። እቅፍ አደረገችኝ። እሷም አለቀሰች።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መሪጌታ ዘንድ ደርሷል። ስንገባ ሐኪሙ አልጋቸው አጠገብ ቆሟል፣ የመጀመሪያው መርፌ ትሪ ላይ ተዘጋጅቷል። ሐኪሙ እኩለ ቀን ላይ ይሄዳል።

«ነይ ልጄ፣ ቅረቢ» አሉ መሪጌታ። «ተበላሸ አሉኝ። እንደገና ውጊኝ። መርፌዋ ለነገ ትደር።»

«መሪጌታ» አለች ዘይነባ።

«ዝም በይ፣ አንቺም ጥፋተኛ ነሽ» አሉ በፈገግታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፈገግታው የለም። «ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ከእኔ ቤት ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም። ተራዬን በሰላም ያበላሁ አንቺ ስለመጣሽ ነው። አንድ ቀን ምንድን ናት? ትንፋሼን እንደሆን እይዛለሁ።»

ሐኪሙን አየሁት። «ማድረግ ይቻላል» አለ ቀስ ብሎ። «ሐኪም ሆኜ ግን አልመክርም። ትናንት የወጋናቸው ለምርመራ ነው። የዛሬው ለእሳቸው ምንም አይጠቅምም። ከወጋናቸውም እስከ ማታ ይተኛሉና መድኃኒቱ ለነገ ይቆያል። ሌሊቱንም ደምተዋል።» ውሳኔው ግን፣ ሁሉም እኔን ሲያዩኝ፣ እኔ ላይ ቀረ። ወይዘሮ ሙሉዓዳም ደጃፉ ላይ ቆመዋል። እንግዳ ፊት ባላቸውን ተው ሊሉ አይችሉም፣ በእጃቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠዋል፤ ሌሊቱን የጠረጉበት ደም አለበት።

እውነቱን ልናገር፤ ለቅጽበት ፈለግሁት። አንድ ጠብታ ነው። ከዚያ ለምን እንደመጣሁ አሰብኩ።

«መሪጌታ፣ እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት ይህን ሌባ የሚገድል ነገር ፍለጋ ነው» አልኳቸው። «የሚገድለው ነገር ዘይነባ እጅ ላይ አለ። እያየሁት ለነገ ይደር ብል ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ይጀምሩ።»

«ባዶ እጅሽን?»

«ባዶ እጄን።»

 መሪጌታ ጎናቸውን አዙረው ጭናቸውን ሰጡ። መርፌው ያማል፤ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨበጠ፣ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ዘይነባ ስትነቅለው ወይዘሮ ሙሉዓዳም ነጠላቸውን ለቀቁት።

ማክሰኞና ከዚያ ወዲያ

መሪጌታ እንዳሉት ባዶ እጄን አልወጣሁም። ወይዘሮ ሙሉዓዳም አዲስ የተወቃ ሩዝ በከረጢት አስይዘውኝ፣ ዘይነባ አጎበሯን ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጉለሌ ትንኝ የለም ብላት «ይኖር ይሆናል» አለች። ሣጥኔ ባዶውን ስለነበር ሩዙ ከእሱም ተርፎ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። በመልሱ መንገድ ባሕር ዳር ላይ ዓሣ በላሁ፤ ዓርብ አልነበረም፣ የሚያየኝም ሴትዮ የለም። አባይ በረሃ ላይ መስኮት ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ብርድ ገባ ብለው ሲጮሁ እኔ ሞቆኝ፣ ደስ ብሎኝ፣ ሩዜን ታቅፌ ተኛሁ።

ቤቴ ገብቼ ሩዙን ቀቅዬ ለጎረቤት አበላሁ። የፎገራ ነው ስላቸው ፎገራ ከብት እንጂ ሩዝ አለው እንዴ አሉኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዘይነባ ደወለች። ትኩሳቱ ለቋቸዋል፣ ምግብ ይጠይቃሉ፣ መርፌው ግን ያማቸዋል፣ ዘበኛውንም ዜማ ሊያስተምሩት ጀምረዋል። ስልኩን ስዘጋ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። ረዳቴ ሜሮን የላቦራቶሪ ጋውኗን እያወለቀች ወደ ባዶው ሣጥን ታያለች። ከተመለስኩ ጀምሮ ልትጠይቀኝ ፈልጋ ፈርታኝ ነበር።

«ዶክተር፣ የመሪጌታው ናሙና እንዴት ሆነ?» አለች። «ጥገኛው በሕይወት አለ?»

«እየሞተ ነው» አልኳት። «በየቀኑ ጠዋት ጠዋት። ተመስገን።»